የካሴቱ ጥርስ

በመጀመሪያ ያየሁት የጥርስ ምልክት ነበር። አሶሳ በገባሁበት ሰሞን ነው፤ ከተከራየሁት ክፍል ፊት ለፊት ባለ ቤት መስኮት ደፍ ላይ የባትሪ ድንጋዮች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሁሉም ወገባቸው ላይ ተነክሰዋል። ቀረብ ብዬ አየሁ። የሰው ጥርስ ነው። አንደኛው ክራንቻ ከሌሎቹ ጠለቅ ብሎ ገብቷል። ብረት የሚነክስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን ብዬ ደርቄ ቀረሁ።

«አትንኪያቸው፤ ገና አልነቁም» አለኝ ከውስጥ የሴት ድምፅ።

ከጓሮ ብቅ አለች። ጠና ያለች፣ ቀጭን፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ናት። በአንድ እጇ ቀርከሃ መሰንጠቂያ ቢላ ይዛለች። መቀነቷ ውስጥ ጥቁር ዎክማን ተሽጧል። ከሱ የወጣው ሽቦ አንገቷ ላይ እስካረፈው የጆሮ ማዳመጫ ይዘልቃል። የማዳመጫው ስፖንጅ ካለቀ ቆይቷል፤ በምትኩ ከአሮጌ ሹራብ የተቆረጠ ቀይ ጨርቅ ሰፍታበታለች። ዘፈን የምትሰማ መስሎኝ ነበር። አውልቃ ወደ ጆሮዬ አስጠጋችልኝ። ዘፈን አይደለም። አንዲት አሮጊት፣ ድምፃቸው እንደ ነፋስ ሄድ መጣ እያለ፣ «ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቦቃ ናት፤ ቁርጥ አንተን» ይላሉ።

«እናትሽ ናቸው እትዬ?»

«የሰው እናት ናት» አለች። «እኔ የሰው እናት ነው የማዳምጠው።»

ሸዋነሽ ትባላለች። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከዋድላ፣ ከአባቷ ጋር ተጭና የመጣች ሰፋሪ ናት። እናቷ የታመመች አያቷን ላስታምም ብላ ቀረች፤ በሚቀጥለው መኪና እመጣለሁ አለች። የሚቀጥለው መኪና ለሷ አልመጣም። አባቷ ብዙም ሳይቆይ በወባ ሞተ። ሸዋነሽ በሰፈራው አምባ ውስጥ ከበርታ ጎረቤቶቿ ቀርከሃ መሰንጠቅ ተማረችና ወንበር፣ አልጋና የመኝታ ምንጣፍ እየሠራች አደገች። እስከ ዛሬም በዚያው ትኖራለች። የእጇ መዳፍ እንደ ዛፍ ቅርፊት ነው፤ ካሴት ስትይዝ ግን ያ መዳፍ እንዴት እንደሚለሰልስ ማየት ያስገርማል።

ሰፋሪዎቹ ያን ጊዜ ደብዳቤ የሚላላኩት በካሴት ነበር። ቴፕ ያለው ሰው ቤት ይሄዳሉ፤ ቁልፉ ሲጫንላቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ከዘመድ ስም ይጀምራሉ፤ ካሴቱን መንገደኛ ይዞት ይሄዳል። ተቀባዩ ቤተ ዘመዱን ጠርቶ ያሰማል፣ ይላቀሳል፣ ከዚያ በዚያው ካሴት ላይ መልሱን ቀድቶ ይመልሳል። ስለዚህ እያንዳንዱ ደብዳቤ የፊተኛውን እያጠፋ ነው የሚሄደው። ሸዋነሽ ሳይጠፉ የቀሩትን ትሰበስባለች። ሰዎች ቴፑም የለንም ብለው ሊጥሉት ሲሉ ትለምናቸዋለች። ቤቷ ውስጥ በቀርከሃ መደርደሪያ ላይ በሕይወት የሌሉ እናቶች፣ አክስቶችና አማቾች በየተራቸው ተቀምጠዋል።

ዎክማኗ ድምፅ የሚቀዳ ነው፤ የጋዜጠኛ የሚባለው ዓይነት፣ ትንሽ ድምፅ ማጉያም ያለው። መቅጃው ቀይ ቁልፍ ግን በፕላስተር ተሸፍኗል።

«ተበላሽቶ ነው?» አልኳት።

«ደኅና ነው። እጄ ስቶ የሰው እናት እንዳልገድል ነው።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አንድ ቦታ ትሄዳለች። እኔም ተከትያት መሄድ ጀመርኩ። ከዓብዱልላጢፍ ሱቅ ኋላ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ የሷው ወንበሮች አሉ፤ እዚያ ተቀምጠው ካሴት ይሰማሉ። የሰፈሩ ጎረምሶች «ድንጋይ በላዎች» ይሏቸዋል፤ ባትሪ ስለሚጨርሱ ነው። ስድቡን ወደውት ስማቸው አድርገውታል።

ዓብዱልላጢፍ የሆሞሻ ሰው ነው። አባቱ በኩርሙክ በኩል ያመጡለትን የሱዳን ካሴቶች እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል። አማርኛን ወንድና ሴት ሳይለይ ነው የሚናገራት፤ ሁሉም ለምዶታል።

«ሸዋነሽ! መጣህ? አንተ ጥርስ ብረት ነው ወላሂ! ሰው ድንጋይ ይገዛል፤ አንተ አሮጌ ድንጋይ ይነክሳል!»

«አንተ የምትሸጠው ድንጋይ ሲነከስ ነው የሚሠራው፤ ምን ላድርግ?» ትለዋለች።

ነገራ የባምባሲ ሰው ነው፤ ጡረታ የወጣ ሾፌር። በኦሮምኛ የተቀዱ መዝሙሮች ብቻ ይሰማል፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ መሪ የያዘ ይመስል ሁለት እጁን ከፊቱ ዘርግቶ። ስለ ስልክ ሙዚቃ ሲነሣ አንድ ክርክር አለው። «ጀርባ የለውም» ይላል። «ገልብጠሽ የማትሰሚው ዘፈን ምን ይባላል ልጄ? ፊት ብቻ ያለው ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አንድ ሕግ አላቸው። ካሴት ለሰው ከመዋሱ በፊት ጥርሱ ይነቀላል። ካሴት በጀርባው በኩል፣ ጥግና ጥጉ ላይ፣ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ፊት አንድ። ጥርሱ የተነቀለ ካሴት ይሰማል እንጂ በላዩ አይቀዳበትም፤ ቀዩ ቁልፍ አልጫን ይላል። መልሶ መቅዳት የሚፈልግ ሰው ቀዳዳውን በአንድ ነገር መድፈን አለበት። እነሱ ይህን «ጥርስ መትከል» ይሉታል፤ በመካከላቸው ከባድ ነውር ነው።

ቸሩ የመጣው አንድ እሑድ የማንጎው ፍሬ ማለቅ ሲጀምር ነው።

ረጅም፣ ንጹሕ ኮት የለበሰ፣ አንገቱ ላይ ሻርፕ የጠመጠመ ሽማግሌ ነው። ብርማ፣ ገና ያላረጀ ዎክማን ይዟል። ሲናገር ደነገጥኩ። ድምፁ ድምፅ አይደለም፤ ደረቅ ቅጠል ላይ የሚሄድ ነገር ነው። ጉባ ግድቡ አካባቢ ገልባጭ መኪና ሲነዳ ኖሮ ጉሮሮውን ታመመ፤ አዲስ አበባ ወስደው ቀደዱት፤ ዳነ፤ ድምፁ ግን እዚያው ቀረ። ዓብዱልላጢፍ ወንበር ሳበለት።

«ድንጋይ በላዎች የሚባሉት እናንተ ናችሁ?»

«እኛ ነን። አንተስ ምን ይበላል?» አለው ዓብዱልላጢፍ።

ሳቅ አለ፤ ሳቁም አየር ብቻ ነው። ከዚያ ሸዋነሽን አያት።

«ሸዋዬ! አለሽ?»

«አለሁ። የት ልሄድ?» አለች።

ሁለቱ ይተዋወቃሉ። እኔ ግን ከየት እንደሆነ አላውቅም። ቸሩ የመጣው ካሴት ሊለምን ነው። በወጣትነቱ የሰፈራው ኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበር፤ በየአምባው እየዞረ ሲዘፍን ሰው ምርቱን ትቶ ይከተለው ነበር አሉ። የራሱን ካሴቶች ጉባ ላይ ምስጥ በላቸው።

«ልጆቼ ስዘፍን ሰምተውኝ አያውቁም» አለ፤ በየቃሉ መካከል ትንፋሹን እየሰበሰበ። «አባታችሁ ዘፋኝ ነበር ስላቸው ይሳሳቃሉ። ትንሿ ‹አባዬ፣ እስኪ ዝፈን› ብላ በዚህ ድምፄ ታሾፍብኛለች። አንድ ዘፈን ብቻ። በሰው እጅ ተርፎ ከሆነ… አንድ ብቻ። ሳልሞት ይስሙኝ።»

ነገራ ዕንባው መጣ። እኔም ወደ ሸዋነሽ ዞርኩ። አንድ ድንጋይ አፏ ውስጥ ነው። ስትነክሰው ቆርቆሮው ጨርጨር ሲል ሰማሁ። አውጥታ አየችው፤ በቀሚሷ ጠረገችው።

«ፈልጌ አመጣልሃለሁ» አለች። «እኔ ጋ አንድ አለ።»

ድምፅዋ ማር ነበር። የቸሩ ፊት በርቶ ጠፋ፣ ጠፍቶ በራ፤ የቱ ካሴት እንደሆነ ሊጠይቅ አፉን ከፈተና ዘጋው።

በማግስቱ ጓሮዋ ውስጥ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ አገኘኋት። «እንዴት ደግ ነሽ እትዬ ሸዋነሽ» አልኳት።

ቢላውን ቀርከሃው ራስ ላይ አስገብታ በድንጋይ መታችው። ተንጣጥቶ እስከ ግንዱ ተከፈለ።

«ባሌ ነበር» አለች።

ከዚያ እየሰነጠቀች ነገረችኝ።

ደርግ በወደቀ ማግስት መንገዱ ሲከፈት ቸሩ ወሎ ደርሶ ለመምጣት ተነሣ። የአምባው ሰው ሁሉ ካሴቱን አሸከመው። ሸዋነሽም ለእናቷ ላከች። ሲመለስ የእናቷን መልስ ይዞ መጣ። ቴፕ ያለው ሰው ቤት ተሰብስበው ሰሙ። እናቷ ሰላምታዋን ታወርዳለች፤ የሞተውን፣ የተወለደውን፣ የዘነበውን ትናገራለች። ከዚያ «አሁን ደግሞ ስለ ቸሩ ልንገርሽ» ትላለች። ከዚያ ጥቅ ይላል። ከዚያ ቸሩ ይዘፍናል፤ ስለ ሸዋነሽ ዓይን፣ ስለ ሸዋነሽ አንገት፣ እስከ ካሴቱ መጨረሻ።

«‹ምንድን ነው?› አልኩት። ‹እናትሽ መርቀውኛል› አለኝ። ‹እጅሽን ስጠይቃቸው እልል አሉ። የቀረውን አንተው ዘፍነህ ንገራት አሉኝ።› ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አለቀስኩ፤ ከደስታ ነው። በእናቴ ቃል አገባሁት። የምስጋናዬን ካሴት ቀድቼ ሰጠሁት፤ እሱው ነው የላከው። ላከውም አላከውም፣ እንጃ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እንደ ሰው ኖርን። ልጅ እምቢ አለን። ጉባ ሥራ አለ ሲባል ሄደ፤ እዚያ ሌላ አገባ። ለሱ አይደለም የምነግርሽ፤ ወንድ ይሄዳል። እናቴ ሞተች ሲሉኝ ለለቅሶ አገሬ ወረድኩ። ጎረቤቶቿ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አንዷ አሮጊት ‹መልስሽን ስትጠብቅ ሞተች› አለችኝ። ምን መልስ? ሌላዋ ደግሞ ‹እብድ ሆና ነበር፤ ቤቷን ሳትቀረቅር ነው የምታድረው። ጅብ ይገባብሻል ብንላት በጄ አላለችም› አለችኝ። አልገባኝም። አልቅሼ ተመለስኩ።»

ፍንካቹን አንሥታ ጠርዙን መላግ ጀመረች።

«አንድ ቀን ያ ካሴት ክሩን ዋጠ። ለዓብዱልላጢፍ ወሰድኩለት። ፈታው፤ ጠገነው፤ ሊሰጠኝ ሲል ጀርባውን አየ። ‹ይሄ ሁለት ጥርስ ወልቋል፣ አንድ ተተክሏል። ማን ተከለ?› አለኝ። እናቴ እኮ ሁልጊዜ ነቅላ ነው የምትልከው። በወስፌ። ‹ቃሌን አታጥፉት፤ መልስ ካላችሁ በሌላ ላኩ› ትል ነበር። አየሁት። በአንዱ ቀዳዳ ውስጥ የሲጋራ ብርማ ወረቀት ታጥፎ፣ ታጥፎ፣ በጥፍር ተጠቅጥቋል። ሲጋራ ከሰፈራችን ያኔ የሚያጨስ አንድ እሱ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። ክራንቻዋን ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ ባትሪው ላይ ያለው ያ ነው።

«ገባሽ? ዘፈኑ አይደለም የሚያንገበግበኝ። ከዘፈኑ በታች እናቴ አለች። ስለሱ የሆነ ነገር ብላኛለች። ምን እንዳለች የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«እና ካሴቱን ትሰጪዋለሽ?»

«አሰማዋለሁ» አለች፤ ቀርከሃውን እየላገች።

በቀጣዩ እሑድ ቸሩ ከሁላችንም ቀድሞ መጥቷል። ፀጉሩን ተስተካክሏል፤ ሠርግ የሚሄድ ይመስላል። ሸዋነሽ ስትመጣ ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ዎክማኑን ከመቀነቷ አውጥታ በርጩማው ላይ አስቀመጠችው። ከቀዩ ቁልፍ ላይ ፕላስተሩ ተነሥቷል። አየሁት፤ ምንም አላሰብኩም። ሙጫው ትቶት የሄደውን ነጭ ክብ ብቻ አስታውሳለሁ።

ካሴቱን ለዓብዱልላጢፍ ሰጠችው። ጀርባውን አየ፤ እሷን አየ፤ መለሰላት። አስገብታ ተጫነችው።

«ሸዋዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ፣ ዓይኔ…» አለች እናቷ። ደረቅ፣ የተራራ ድምፅ። ቸሩ ወንበሩን ያዘ። እናቲቱ ዘመድ ቆጠረች፤ ዝናም ቆጠረች፤ «አሁን ደግሞ ስለ ቸሩ ልንገርሽ» አለች። ጥቅ።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

እንዲህ ያለ ድምፅ ከዚህ ሽማግሌ ጉሮሮ ወጥቶ ያውቃል ብሎ ማን ያምናል? ለጋ ነው፤ ወደ ላይ ሲወጣ ቅርንጫፉን ትቶ እንደሚነሣ ወፍ ነው። ከመንገድ ላይ የሚያልፍ ባጃጅ እንኳን የዘገየ መሰለኝ። ነገራ «አቤት፣ አቤት» ይላል። ቸሩ ከንፈሩ ከዘፈኑ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም። ዕንባው በሻርፑ ላይ ይወርዳል። ዘፈኑ ሲያልቅ ካሴቱም አለቀ።

«እኔ ነኝ» አለ። «እኔ እኮ ነኝ። አያችሁ? ልጆቼ…»

እጁን ወደ ዎክማኑ ሰደደ። ሸዋነሽ ቀደመችው። ካሴቱን አውጥታ ከፀጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ መዘዘች፤ በካሴቱ ጥርሳም ጎማ ውስጥ ሰክታ ወደ ኋላ ማጠንጠን ጀመረች። ቀስ ብላ ነው የምታጠነጥነው። ልክ ያቺ «ጥቅ» የት እንዳለች ጣቷ ያውቀዋል። ስትጨርስ መልሳ አስገባችው። ዳግም ልታሰማው መሰለን።

«ከዚህ ዘፈን በታች እናቴ ነበረች» አለች። «ሰምተሃታል። ምን አለች?»

ቸሩ የሰደደውን እጁን ሰበሰበ።

«ሸዋዬ… ያለፈ ነገር…»

«ምን አለች?»

«በስህተት ነው። ቁልፍ ተሳስቼ ነው። መንገድ ላይ፣ በጨለማ…»

«ስህተት ጥርስ አይተክልም» አለ ዓብዱልላጢፍ።

ቸሩ አንገቱን ደፋ። ሸዋነሽ አልቸኮለችም።

«ስማ» አለችው። «ያለችውን ከነገርከኝ ዘፈንህን እለቀዋለሁ።»

«ትለቂዋለሽ?»

«በእናቴ አጥንት። ከእንግዲህ አልይዘውም። ግን እንዳለችው ነው የምትነግረኝ። በሷ ቃል። ብትጨምር አውቃለሁ።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«ሞክረኝ።»

ጀመረ። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ሸዋነሽ እጇን ጆሮዋ ላይ አደረገች። «አይሰማኝም፤ ቅረብ» አለችው። ተጎነበሰ። «አሁንም አይሰማም።» ዎክማኑ ያለበትን በርጩማ በጉልበቱና በጉልበቷ መካከል ሳበችው፤ እጇን በላዩ ጫነች። ፊቱ ሊነካው ምንም አልቀረው።

«‹ስለ ቸሩ ልንገርሽ› አሉ» አለ። «‹ይህን ካሴት የምሰጠው ልጅ አንቺን ስጡኝ አለኝ። አፉ ጣፋጭ ነው። ጣፋጭ አፍ እፈራለሁ። እምቢ ብዬዋለሁ። ለሱ ሳይሆን ለኔ ነይ፤ መንገዱ ተከፍቷል። አያትሽ ሞታለች፤ ብቻዬን ነኝ።›»

ቆመ።

«አላለቀም» አለች ሸዋነሽ።

«‹ምናልባት በጨለማ ትደርሺ ይሆናል። እኔ ጆሮዬ ደክሟል፤ ብታንኳኪ አልሰማም። ስለዚህ በሩን አልቀረቅረውም። ግፊው ብቻ። በየትኛውም ቀን ይሁን፣ ግፊው፤ ክፍት ነው።›»

ሸዋነሽ ዓይኗን ጨፈነች። እኔም የአሮጊቶቹን ወሬ አስታወስኩ፤ ጅብ ይገባብሻል ያሏትን። ይህን ቸሩ ሊያውቅ አይችልም፤ ከእናቷ አፍ ካልሰማ በቀር። እውነቱን ነው።

«ደሴ ላይ ነው የሰማሁት» አለ ቸሩ፤ አሁን ማንም አልጠየቀውም። «ብትሰሚው ትሄጃለሽ። ወደድኩሽ እኮ ሸዋዬ። ቀዳዳውን ደፈንኩት። ዘፈንኩ። እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም።»

ሸዋነሽ እጇን ከዎክማኑ ላይ አላነሣችም። አንድ የማንጎ ቅጠል ነገራ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ አላራገፈውም። ቸሩ ማልቀስ ጀመረ፤ ለቅሶውም እንደ ሳቁ አየር ነው። ተቀመጥን። ለምን እንደምንቀመጥ አላወቅንም፤ እጇ ነው ያስቀመጠን። ከዚያ ከመዳፏ ሥር ቁልፎቹ በራሳቸው ዘለሉ።

ሁለት ቁልፎች ናቸው የዘለሉት። ካሴት ሲሰማ አንድ ነው የሚዘለው።

ሁለተኛው ቀዩ ነበር።

ዓብዱልላጢፍ «ያ ሰላም» ብሎ አፉን ያዘ። ቸሩ ግን ገና አልገባውም። ሻርፑን አስተካክሎ፣ ዓይኑን ጠርጎ፣ «እሺ፣ ዘፈኔን ስጪኝ» አለ።

«ለቀቅኩት» አለች ሸዋነሽ።

ዎክማኑን ነጠቃት። ወደ ኋላ መልሶ ተጫነው። ከለጋው ድምፅ አንድም አልቀረም፤ የራሱ ደረቅ ሹክሹክታ ብቻ፣ «ይህን ካሴት የምሰጠው ልጅ አንቺን ስጡኝ አለኝ…» ወደ ፊት አሳለፈው። «በሩን አልቀረቅረውም…» አሳለፈው። የራሱ ለቅሶ። የማንጎው ቅጠል ድምፅ። እስከ መጨረሻው እሱ ነው፤ ያሁኑ እሱ።

«ልትሰጪኝ ምለሽ አልነበረም?»

«እሰጥሃለሁ አላልኩም። እለቀዋለሁ ነው ያልኩት። አንተ እናቴን ምን አደረግካት?»

ነገራ ተነሣ። «ሸዋነሽ እህቴ! ተይ እንጂ! በቀል የእግዚአብሔር ነው።»

«ቆየብኝ ነገራ» አለችው። «ብዙ ቆየብኝ።»

ዎክማኑን ከቸሩ እጅ ተቀብላ ካሴቱን አወጣች፤ አልታገላትም። ከመቀነቷ ቀጭን የቀርከሃ ስንጥር አወጣች፤ ከቀዳዳው ውስጥ ያን ብርማ ወረቀት ጎልጉላ አወጣችው። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ ገና ያብረቀርቃል። እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ቀዩ ቁልፍ አይጫንም ነበር። የቸሩን እጅ ገልብጣ መዳፉ ላይ አስቀመጠችው።

«ይኸ ያንተ ነው፤ ውሰድ። ሁለቱም ጥርሱ ወልቋል። ከእንግዲህ ማንም አያጠፋትም።»

ቸሩ መዳፉን እንደ ዘረጋ ቀረ። ዓብዱልላጢፍ ውኃ ሊያመጣለት ወደ ሱቁ ገባ።

ሸዋነሽ ተነሥታ ወጣች። ተከተልኳት። ቀርከሃ ተራው ጋ ደረስኩባት። 

«እትዬ ሸዋነሽ፣ አሁን ወጣልሽ?»

አልዞረችም። «ግፊው ብቻ ነው ያለችኝ» አለች። «በሩ ክፍት ነበር። እኔ የዚህን ሰው ልብስ አጥባለሁ፤ በሩ ክፍት ነው። እኔ ለሱ እንግዳ አስተናግዳለሁ፤ በሩ ክፍት ነው።»

«አዝኖ ነው የቀረው። ልጆቹ…»

«ይዘን። ልጆቹ ዛሬ አገኘህ ወይ ብለው ይጠይቁታል። ምን ይላቸዋል? በዚያ ድምፁ ምን ይላቸዋል? እሱን ሳስብ ነው ደስ የሚለኝ ልጄ። ቁጭ ብዬ አስበዋለሁ ገና።»

«ግን አሁን እናትሽ በሱ ድምፅ ነው የምትናገረው» አልኳት። ሳላስበው ነው ከአፌ ያመለጠኝ።

ቆመች። ፊቷን ያን ጊዜ ብቻ አየሁት፤ ምን እንዳለበት ልናገር ብል እዋሻለሁ። ቀዩን ጨርቅ የሰፋችበትን ማዳመጫ ከአንገቷ አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። ካሴቱን ወደ ዎክማኑ መልሳ ተጫነችው። በቆሙት ቀርከሃዎች መካከል ወደ ቤቷ መንገድ ሄደች፤ ትከሻዋ ቀጥ ብሎ፣ ራሷ ትንሽ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ሩቅ የሚናገር ሰው እንደሚሰሙት።

«እትዬ ሸዋነሽ!» አልኳት። አልሰማችኝም።

መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ድምፁ ደከመባት መሰለኝ፤ ቆመች። ድንጋዩን አወጣች፣ ነከሰችው፣ መልሳ ከተተችውና ሄደች።